አንዱ በየደጃፉ፣ ሌላው በቀይ መዝገብ፦ የአንዲት ደሴት አበባና ሌሙር

የበረዶው ወቅት አልፎ ሙቀቱ ሲጠና፣ የኦሃዮ ግዛት ዋና ከተማ በሆነችው በኮሎምበስ የአበባ መደብሮች ችግኝ በገፍ ያቀርባሉ። በዳውንታውን የሕንፃ ደጃፎችና የእግረኛ መንገዶች ዳር ለሚቀመጡ ማሰሮዎች ከሚመረጡት አበቦች መካከል፣ አስፋልትና ኮንክሪት የሚያግለውን አየር ችለው የሚያብቡት ቅድሚያ ይሰጣቸዋል። ከእነዚህም አንዱ በአካባቢው ገበያ «ቪንካ» እየተባለ የሚሸጠው ተክል ነው። አምስት ቅጠለ አበባ አለው፤ ቀለሙ ሮዝ፣ ነጭ ወይም ወይን ጠጅ ይሆናል፤ መካከሉ ላይ ብዙ ጊዜ ጠቆር ያለ ዐይን ይታያል። ዋጋው ርካሽ ነው፤ እንክብካቤውም ቀላል። የመጀመሪያው ውርጭ ሲወርድ ግን ይጠወልጋል፤ ያን ጊዜ ተነቅሎ ይጣላል።

ይህ በርካሽ ተገዝቶ በየዓመቱ የሚጣለው ተክል የመጣው ከማዳጋስካር ነው። በዚያችው ደሴት ደቡባዊ ክፍል ደግሞ በነጭና በጥቁር ቀለበት በተዋበ ረጅም ጅራቱ የሚታወቀው ሌሙር ይኖራል። እንስሳው በዓለም ዙሪያ ባሉ መካነ አራዊት ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው «ማዳጋስካር» የተሰኘው የአኒሜሽን ፊልምም ከሕፃናት ጋር አስተዋውቆታል። ሆኖም በተፈጥሮ መኖሪያው ለመጥፋት ከተቃረቡት እንስሳት ተርታ ተመድቧል።

አንዲት ደሴት ካፈራቻቸው ከእነዚህ ሁለት ፍጥረታት አንዱ ዓለምን ሲያጥለቀልቅ ሌላው የሚጠለልበት ዛፍ እያጣ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት አንድ ዝርያ ለምን እንደሚበዛና ለምን እንደሚመናመን ያስረዳል። ከዚያም አልፎ፣ የተፈጥሮ ሀብት ዋጋ በብዛቱም ሆነ በዝናው ብቻ ሊለካ እንደማይችል ያሳያል።

በአንድ መጽሐፍ የተሰየሙ

ሁለቱም በሳይንሳዊ ስም የተጠሩት በአንድ ሰው፣ በአንድ ሥራ ውስጥ ነው። ስዊድናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ካርል ሊኔየስ ፍጥረታትን በወገንና በዝርያ የመደበበትን ዝነኛ መጽሐፉን ለአሥረኛ ጊዜ ሲያሳትም፣ እንስሳትን የያዘው የመጀመሪያው ቅጽ እ.ኤ.አ. በ1758፣ ዕፅዋትን የያዘው ሁለተኛው ቅጽ ደግሞ በ1759 ወጣ። በመጀመሪያው ቅጽ ጅራተ ቀለበቱ እንስሳ «ሌሙር ካታ» ተባለ፤ በሁለተኛው አበባው «ቪንካ ሮዝያ» የሚል ስም አገኘ።

«ሌሙር» የሚለው ቃል የተወሰደው የጥንት ሮማውያን ሌሊት ይንከራተታሉ ብለው ይፈሯቸው ለነበሩት የሙታን መናፍስት ከሰጡት ስም ነው። «ካታ» ደግሞ ድመትን ያመለክታል። የአበባው ስም ከጊዜ በኋላ ተለውጧል። የዕፅዋት ሊቃውንት ተክሉ ከአውሮፓው ቪንካ የተለየ ወገን መሆኑን ስላረጋገጡ ዛሬ በሳይንስ የሚጠራው «ካታራንተስ ሮዝየስ» ተብሎ ነው። ያም ሆኖ አሮጌው ስም በገበያ ቀርቷል፤ ወደ ኋላ እንደሚታየው በመድኃኒት ስምም ውስጥ ይኖራል።

አበባው ከደሴቲቱ የወጣው ቀደም ብሎ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ዘሩ በፓሪስ ንጉሣዊ የአትክልት ስፍራ ይገኝ ነበር። ከዚያ ወደ ለንደኑ የቼልሲ የመድኃኒት ዕፅዋት ማሳ ተሻገረ። ከአውሮፓ ቅኝ ገዥዎች መርከብ ጋርም ወደ ካሪቢያን ደሴቶች፣ ወደ ሕንድ፣ ወደ ደቡብ ምሥራቅ እስያና ወደ አሜሪካ ተጓዘ። በደረሰበት ሞቃት አገር ሁሉ ከአትክልት ስፍራ እየሾለከ በመንገድ ዳርና በባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ በራሱ መብቀል ጀመረ።

እጅግ የራቀ ዝምድና

በመልክ የሚታየው ልዩነት ከፍተኛ ነው። ሌሙሩ ከሁለት ኪሎ ግራም ትንሽ የሚበልጥ ክብደት ያለው፣ ደመ ሞቃት፣ በቡድን የሚኖር አጥቢ ነው። ከዝንጀሮ፣ ከጦጣና ከሰው ጋር በአንድ ክፍለ መደብ ይመደባል። አበባው በአንድ ስፍራ ሥር ሰዶ የሚኖር፣ ምግቡን ከፀሐይ ብርሃን፣ ከአየርና ከውኃ የሚሠራ ነው። ሌሙሩ በእያንዳንዱ የአካሉ ሕዋስ ውስጥ 56 ክሮሞዞሞችን ሲይዝ፣ አበባው 16 ብቻ አለው። የዕፅዋትና የእንስሳት የዘር ሐረግ የተለያየው ከአንድ ቢሊዮን ዓመት በፊት እንደሆነ ተመራማሪዎች ይገምታሉ።

ይህ ሁሉ ርቀት ቢኖርም የሁለቱ ሕዋስ መሠረታዊ አሠራር አንድ ነው። ሁለቱም የዘር መረጃቸውን በዲኤንኤ ያስቀምጣሉ፤ ኃይል የሚያመነጩበት የሕዋስ ክፍልም ተመሳሳይ ነው። ሁለቱም ሲያድጉ ሕዋሳቸው ለሁለት ይከፈላል። በክፍፍሉ ጊዜ «ቱቡሊን» የተባለ ፕሮቲን እየተገጣጠመ ጥቃቅን ቱቦዎችን ይሠራል። እነዚህ ቱቦዎች እንደ ገመድ ሆነው ክሮሞዞሞችን ወደ ሁለት ጎን ይስባሉ። ቱቦዎቹ ካልተሠሩ ክፍፍሉ መሃል ላይ ይቆማል፤ ሕዋሱም ይሞታል። በሌሙርም፣ በሰውም፣ በአበባውም ውስጥ ያለው ይኸው ፕሮቲን ነው። የአበባው ታሪክ ከሕክምና ታሪክ ጋር የተገናኘው በዚህ ነጥብ ላይ ነው።

ሁለት ዓይነት የኬሚካል መሣሪያ

ዕፅዋት ከጠላት መሸሽ ስለማይችሉ ራሳቸውን የሚከላከሉት በአብዛኛው በኬሚካል ነው። ቪንካ በዚህ ረገድ ከበለጸጉት ተክሎች አንዱ ነው፤ «አልካሎይድ» ከሚባሉት መራራ ውህዶች ከመቶ የሚበልጡ ዓይነቶች በውስጡ ተለይተዋል። ከእነዚህ መካከል ቱቡሊንን የሚያጠቁት ሁለቱ፣ ማለትም ቪንብላስቲንና ቪንክሪስቲን፣ የሚሠሩት «ካታራንቲን» እና «ቪንዶሊን» ከተባሉ ሁለት ውህዶች ነው።

ተክሉ መርዙ እንዳይጎዳው የሚጠቀምበት ዘዴ ጥንቃቄ የተሞላበት ነው። ተመራማሪዎች እንዳረጋገጡት ካታራንቲን በአብዛኛው ወደ ቅጠሉ የላይኛው ሰም መሰል ሽፋን ሲወጣ፣ ቪንዶሊን በቅጠሉ ውስጥ ባሉ ልዩ ሕዋሳት ይቀመጣል። ሁለቱ ተለያይተው ስለሚኖሩ አደገኛው ውህድ በቅጠሉ ውስጥ የሚገኘው እጅግ በጥቂቱ ነው።

ሌሙሩም ኬሚካል ይጠቀማል፤ ዓላማው ግን መልእክት ማስተላለፍ ነው። ወንዶቹ በእጃቸው አንጓ አጠገብና በትከሻቸው ላይ የሽታ ዕጢዎች አሏቸው። ሁለት ወንዶች ሲፎካከሩ ጅራታቸውን በዕጢዎቹ እያሹ ሽታውን ወደ ተቀናቃኛቸው ያራግባሉ፤ ብዙ ጊዜም አንዱ ሳይነካከሱ ይሸሻል። በቡድኑ ውስጥ የበላይነቱ ግን የሴቶቹ ነው። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ አሊሰን ጆሊ በ1960ዎቹ በደቡባዊ ማዳጋስካር በሚገኘው የቤሬንቲ ጥብቅ ደን ባደረገችው ጥናት፣ በምግብም ሆነ በማረፊያ ቦታ ሴቶቹ ቅድሚያ እንደሚያገኙ አሳይታለች። ይህ ግኝት በፕሪሜቶች ዘንድ ሁልጊዜ ወንዱ ይገዛል የሚለውን የዘመኑን አስተሳሰብ አናግቷል።

ከሻይ ቅጠል እስከ መርፌ

ቪንካ በተሰደደባቸው አገሮች ሁሉ የባህል መድኃኒት ሆኖ ነበር። በጃማይካ ቅጠሉን አፍልቶ መጠጣት ለስኳር በሽታ ይረዳል ተብሎ ይታመን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1952 ከዚያች ደሴት የተላኩ ቅጠሎች ካናዳዊው ሐኪም ክላርክ ኖብል እጅ ገቡ። እርሱም በዌስተርን ኦንታሪዮ ዩኒቨርሲቲ ይመራመር ለነበረው ወንድሙ ለሮበርት ኖብል አሳለፋቸው።

የቅጠሉ ጭማቂ የተሰጣቸው አይጦች የደም ስኳር መጠን አልቀነሰም። ይልቁንም የነጭ የደም ሕዋሳታቸው ቁጥር እጅግ አሽቆለቆለ፤ ሰውነታቸው ኢንፌክሽን መቋቋም አቅቶት ሞቱ። ለስኳር ሕክምና የማይጠቅም ውጤት ነበር። ተመራማሪዎቹ ግን ሌላ ጥያቄ አነሡ፤ ነጭ የደም ሕዋስን የሚቀንስ ነገር፣ ነጭ የደም ሕዋስ ያለ ልክ የሚበዛበትን የደም ካንሰር ሊገታ አይችልምን? ሮበርት ኖብልና ባልደረባው ቻርልስ ቢር ውህዱን ለይተው ቪንብላስቲን አሉት፤ ግኝታቸውንም በ1958 ለሳይንስ ማኅበረሰብ አቀረቡ።

በዚያው ዘመን ከኮሎምበስ በስተምዕራብ 280 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በኢንዲያናፖሊስ፣ የኢላይ ሊሊ መድኃኒት አምራች ኩባንያ ተመራማሪ ጎርደን ስቮቦዳ ከባልደረቦቹ ጋር ይህንኑ ተክል ይመረምር ነበር። የእነርሱ ሥራ ሁለተኛውን ውህድ፣ ቪንክሪስቲንን፣ አስገኘ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ቪንክሪስቲን ለሕክምና እንዲውል የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው።

መድኃኒቱ የሚሠራው ቱቡሊን ላይ ተጣብቆ ቱቦዎቹ እንዳይገጣጠሙ በማድረግ ነው። የካንሰር ሕዋሳት ያለ ፋታ ስለሚከፋፈሉ ከሌሎች ይበልጥ ይጎዳሉ። ይሁን እንጂ ነርቮችም ንጥረ ነገር የሚያጓጉዙት በእነዚሁ ቱቦዎች ስለሆነ፣ በሕክምናው ወቅት የእጅና የእግር መደንዘዝ ያጋጥማል። ስለዚህ መጠኑ በጥንቃቄ ይለካል፤ መድኃኒቱም በደም ሥር ብቻ ይሰጣል። ቅጠሉን በቤት አፍልቶ መጠጣት መርዝ መጠጣት ነውና ሕክምናን ሊተካ አይችልም።

ከዚህ መድኃኒት በፊት በነበሩት ዓመታት አጣዳፊ የደም ካንሰር የያዘው ልጅ የመዳን ተስፋው እጅግ የመነመነ ነበር። ዛሬ በበለጸጉ አገሮች በብዛት በሚታየው የልጆች የደም ካንሰር ዓይነት ከሚያዙት ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉ ይድናሉ። ለውጡ የአንድ መድኃኒት ውጤት ብቻ አይደለም፤ በርካታ መድኃኒቶችን አቀናጅቶ የመስጠት ልምድ ያመጣው ነው። ቪንክሪስቲን ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ ከቅንብሩ አልተለየም። ከኮሎምበስ ዳውንታውን በስተደቡብ ምሥራቅ የሚገኘውን ኔሽንዋይድ የሕፃናት ሆስፒታል በመሰሉ ተቋማትም ሆነ በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሕፃናት ካንሰር ሕክምና ክፍል ይህን መድኃኒት ወደ ጎን መተው አይቻልም። የዓለም ጤና ድርጅትም በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አካቶታል።

አበባው ሞልቶ መድኃኒቱ ሲጠፋ

በየደጃፉ የሚበቅል ተክል የሚሰጠው መድኃኒት መቼም አያልቅም ብሎ ማሰብ ቀላል ነው። እውነታው ከዚህ የተለየ ነው። 1 ግራም ቪንብላስቲን ለማግኘት 500 ኪሎ ግራም ያህል ደረቅ ቅጠል ያስፈልጋል፤ ቪንክሪስቲን ደግሞ በቅጠሉ ውስጥ ከዚያም ያነሰ ነው። አንድ ታካሚ በአንድ ጊዜ የሚወስደው መጠን ብዙውን ጊዜ ከ2 ሚሊ ግራም ስለማይበልጥ ጥቂት ግራም ለብዙዎች ይበቃል። ግን ያችን ጥቂት ግራም ለማውጣት ሰፊ ማሳ፣ ብዙ ጉልበትና ውስብስብ የማጣራት ሥራ ይጠይቃል።

እ.ኤ.አ. በ2019 ለአሜሪካ ገበያ ቪንክሪስቲን ከሚያቀርቡት ሁለት ኩባንያዎች አንዱ ምርቱን አቋረጠ። የቀረው አንዱ ፍላጎቱን ለማሟላት ተቸገረ። በዚያው ዓመት መከር ላይ በመላ አገሪቱ የሚገኙ የሕፃናት ካንሰር ሐኪሞች ያላቸውን መድኃኒት እንዴት አብቃቅተው እንደሚያዳርሱ ለመነጋገር ተገደዱ። «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚለው አባባል የሚገልጸው ዓይነት ሁኔታ ነበር፤ አበባው በየአትክልት ስፍራው ፈክቶ ሳለ መድኃኒቱ ከሆስፒታል መደርደሪያ ተመናምኗል።

ሳይንቲስቶች ይህን ጥገኝነት ለመቀነስ ሌላ መንገድ እየፈለጉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ከዴንማርክና ከአሜሪካ የተውጣጡ ተመራማሪዎች፣ ከመሪዎቻቸው አንዱ ጄይ ኪስሊንግ፣ ለዳቦና ለጠላ የሚያገለግለውን ዓይነት እርሾ የዘር መረጃ ቀይረው ካታራንቲንና ቪንዶሊንን እንዲሠራ ማድረጋቸውን አስታወቁ። ከዚያም ሁለቱን ውህዶች በቤተ ሙከራ አጣምረው ቪንብላስቲን አገኙ። ተክሉ ከ30 በላይ በሆኑ የኬሚካል ደረጃዎች የሚያልፈውን ሥራ በእርሾ ውስጥ መድገም ታላቅ ስኬት ነው። የሥራው ንድፍ ግን የተቀዳው ከአበባው ነው። አበባው ባይኖር ኖሮ እንዲህ ያለውን ውህድ ለመሥራት ማንም አያስብም ነበር።

የመራባት ሒሳብ

የቪንካ ብዛት ምንጩ አኗኗሩ ነው። አንድ ተክል በተዘራበት ዓመት ያብባል። አጠገቡ ሌላ ቪንካ ባይኖርም ከራሱ የአበባ ብናኝ ዘር መያዝ ይችላል። ድርቅንና ለምነት የጎደለውን አፈር ይታገሣል። ሰው ጫካ ሲመነጥር፣ መንገድ ሲቀድና አፈር ሲያገላብጥ ለቪንካ አዲስ ቦታ ይከፈትለታል። የሰው ልጅ ውበቱን ወድዶ ዘሩን በኪሱ ይዞት ዞሯል።

ሌሙሩ በተቃራኒው በዝግታ የሚራባ ፍጥረት ነው። ሴቷ የመጀመሪያ ግልገሏን የምትወልደው በሦስት ዓመቷ ገደማ ነው። በዓመት ለመፀነስ የምትችልባቸው ሰዓታት አንድ ቀን እንኳ አይሞሉም። አራት ወር ተኩል ያህል አርግዛ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ግልገል ትወልዳለች። ከሚወለዱት ብዙዎቹ አንድ ዓመት ሳይሞላቸው ይሞታሉ፤ በድርቅ ጊዜ ደግሞ ሞቱ ይከፋል። እንዲህ ያለ እንስሳ የጠፋበትን ቁጥር በአንድ ወይም በሁለት ዝናብ ሊተካ አይችልም።

መኖሪያውም የተወሰነ ነው። ከወንዞች ዳር ባሉ ደኖችና በእሾሃማው የደቡብ ጫካ ይኖራል። በወንዝ ዳር ደኖች በድርቁ ወራት ከሚተማመንባቸው ዛፎች ዋነኛው በኢትዮጵያ ቆላማ አካባቢዎች ሁመር ወይም ሮቃ እየተባለ የሚጠራው ነው። ይህ ዛፍ ለከሰልም ይፈለጋል። አንድ የሁመር ዛፍ ሲቆረጥ ለገበሬው የጥቂት ቀን ገቢ ያስገኛል። ለሌሙሩ ቡድን ግን ምግቡ፣ ጥላውና የሌሊት ማደሪያው አብሮ ይወድቃል።

ተመራማሪዎች የሳተላይት ምስሎችንና የቆዩ የአየር ፎቶግራፎችን አነጻጽረው እንዳሰሉት፣ ማዳጋስካር ከ1953 እስከ 2014 ባሉት ዓመታት ከተፈጥሮ ደኗ 44 በመቶውን አጥታለች። ምክንያቱ የእርሻ መሬት ፍለጋ፣ የከሰል ንግድ፣ የከብት ግጦሽና የማዕድን ቁፋሮ ነው። ከዚህ በተጨማሪ ሌሙሮች ለሥጋ ይታደናሉ፤ ግልገሎቻቸውም ለቤት እንስሳነት ይያዛሉ። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ቀይ መዝገብ፣ ከ107ቱ የሌሙር ዝርያዎች 103ቱ የመጥፋት አደጋ እንደተደቀነባቸው ገልጿል፤ 33ቱ ደግሞ በመጨረሻው የአደጋ ደረጃ ላይ ናቸው። ጅራተ ቀለበቱ ሌሙር ለመጥፋት በተቃረቡት ምድብ ውስጥ ይገኛል። በዱር የቀሩት ከሁለት ሺህ ብዙም አይበልጡም ያሉ ጥናቶች ወጥተዋል። ሌሎች ተመራማሪዎች ቆጠራው ሰፊ አካባቢዎችን አልሸፈነም ብለው ቢከራከሩም፣ ቁጥሩ እየቀነሰ መሆኑን አይክዱም።

የደኑን ዛፍ የሚቆርጠው ገበሬ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ አማራጭ ያጣ ሰው ነው። ደቡባዊ ማዳጋስካር ድርቅና ረሃብ የሚደጋገምበት ስፍራ ነው። በዚሁ አካባቢ የቪንካን ቅጠልና ሥር እየሰበሰቡ ለውጭ መድኃኒት አምራቾች የሚሸጡ ቤተሰቦች አሉ። አበባው ለእነርሱ ገቢ ነው፤ ሆኖም ቅጠሉ በባሕር ማዶ ከሚያስገኘው ትርፍ ወደ መንደሩ የሚመለሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ የአበባው መብዛትና የሌሙሩ መመናመን የአንድ ድህነት ሁለት ገጾች ሆነው ይታያሉ።

ደንን የሚዘራ እንስሳ

ስለ ሁለቱ ፍጥረታት ሲነገር «አበባው ሕይወት ያድናል፤ ሌሙሩስ ምን ይጠቅማል?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። መልሱ የሚገኘው በደኑ ውስጥ ነው። በሌሎች የሞቃት አገር ደኖች ፍሬ በልተው ዘር የሚያሠራጩት ታላላቅ ወፎች፣ የሌሊት ወፎች፣ ጦጣዎችና ሌሎችም ናቸው። በማዳጋስካር ፍሬ በል ወፎች ጥቂት በመሆናቸው የዚህን ሥራ ትልቁን ድርሻ የሚሸከሙት ሌሙሮች ናቸው። ፍሬውን ውጠው ዘሩን ከእናቱ ዛፍ ርቀው ከኩሳቸው ጋር ይጥሉታል። ዘሩ ትልቅ የሆነ ዛፍ ሌሙር ከሌለ ፍሬው ከሥሩ ወድቆ ይቀራል።

በደሴቲቱ ከዛሬዎቹ የሚበልጡ ግዙፍ ሌሙሮች ነበሩ፤ አንዳንዶቹ የጎሪላ ያህል ክብደት እንደነበራቸው አጥንታቸው ይመሰክራል። ሰው ደሴቲቱን ከረገጠ በኋላ ባሉት ዘመናት ቢያንስ 17 ዝርያዎች ጠፍተዋል። ከእነርሱ ጋር ዘራቸውን የሚያሠራጭላቸው ያጡ ዛፎች እንዳሉ ተመራማሪዎች ያምናሉ።

በማዳጋስካር ከሚገኙት ዕፅዋት አብዛኛዎቹ በሌላ የዓለም ክፍል አይበቅሉም። ከቪንካ የቅርብ ዘመዶች መካከልም ከደሴቲቱ ወጥተው የማያውቁ፣ በጠባብ ስፍራ ብቻ የተወሰኑ አሉ። በቅጠላቸውና በሥራቸው ውስጥ ምን ዓይነት ውህድ እንዳለ በሚገባ የተመረመሩት ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው። ቪንካ ራሱ በአውሮፓ አትክልት ስፍራዎች ሁለት መቶ ዓመት ያህል ለጌጥ ብቻ ሲተከል ኖሮ ነው በውስጡ የደም ካንሰር መድኃኒት መኖሩ የታወቀው። «በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ነው። ቪንካ ብርቱ ተክል ስለሆነ ሳይንስ እስኪደርስበት ቆየ። ደኑ ሲጠፋ አብረው የሚጠፉት ተክሎች ግን ይህን ያህል ጊዜ የላቸውም። ሌሙሩ የዛፎቹን ዘር በየቦታው ሲጥል፣ ገና ስም እንኳ ያልወጣላቸውን ዕፅዋት የሚያስጠልለውን ደን ያድሳል።

የኦሃዮና የኢትዮጵያ ተክል

ይህ ታሪክ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም፤ የኦሃዮ ስምም በውስጡ ይነሣል። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ባለው ውኃ ላይ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አስተዋሉ። ቀንድ አውጣዎቹ የቢልሃርዚያን ጥገኛ ተሕዋስ የሚያስተላልፉ ነበሩ። እንደ ተራ ሳሙና የሚታየው የእንዶድ ፍሬ ለሚሊዮኖች ሥቃይ የሆነውን በሽታ ለመከላከል እንደሚያገለግል በዚህ ታወቀ። አክሊሉ ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀብለዋል።

በዚያ ዘመን ከአውሮፓ በመርከብ ውኃ የመጡ «ዜብራ» የሚባሉ ጥቃቅን የውኃ ቅርፊተኞች የኢሪ ሐይቅን የውኃ መሳቢያ ቱቦዎች እየደፈኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990 አክሊሉ የክብር ዲግሪ ለመቀበል በሰሜን ምዕራብ ኦሃዮ ወደሚገኘው ወደ ቶሊዶ ዩኒቨርሲቲ ሲሄዱ፣ እንዶድ በእነዚህ ላይ እንዲሞከር ሐሳብ አቀረቡ። ሙከራው ተሳካ፤ ዩኒቨርሲቲውም በ1990ዎቹ መጀመሪያ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኘበት። ከዚያ በኋላ የኢትዮጵያ እናቶች ለዘመናት ያቆዩት እውቀት ባለቤቱ ማን ነው፣ ትርፉስ ለማን ይደርሳል የሚል ክርክር በዓለም ዙሪያ ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ1992 የጸደቀው የብዝኃ ሕይወት ስምምነት አገሮች በተፈጥሮ ሀብታቸው ላይ ያላቸውን መብት ሲያውጅ፣ እንደ ቪንካና እንደ እንዶድ ላሉት ጉዳዮች መልስ ለመስጠት እየሞከረ ነበር።

የሌሙሩም አምሳያ በኢትዮጵያ አለ። በባሌና በሰሜን ተራሮች ውርጭ ውስጥ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ በሌላ የዓለም ክፍል አይገኝም። በዱር የቀሩት አዋቂዎች ቁጥር 500 ያህል ብቻ ነው። እርሻና ግጦሽ ወደ ደጋው በወጣ ቁጥር መኖሪያው ይጠብባል፤ ከቤት ውሾች የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታም በተደጋጋሚ ፈጅቶታል። ቀይ ቀበሮም እንደ ሌሙሩ መልኩ በብዙዎች ዘንድ ይታወቃል፤ መታወቁ ግን ግጦሹን አላስቆመም፤ ውሾቹንም አላስከተበም።

የሁለቱ የማዳጋስካር ፍጥረታት ንጽጽር የሚያስረዳው ይህንኑ ነው። ቪንካ በቁጥር በዝቶ ሳለ ከቅጠሉ የሚወጣው መድኃኒት አንዲት ፋብሪካ ስትቆም ለሕፃናት አልዳረስ አለ። ሌሙሩ በፊልም ገንኖ ሳለ የሚያድርበት ዛፍ ለከሰል ይቆረጣል። ብዛት አቅርቦትን አያረጋግጥም፤ ዝናም ጥበቃ አይሆንም። አበባው የመድኃኒት ፋብሪካዎችን ቀጣይነትና የሰብሳቢውን ገበሬ ድርሻ ይሻል። ሌሙሩ ደግሞ የቆመ ደንና በደኑ ዙሪያ የሚኖረው ሕዝብ ከከሰል የተሻለ መተዳደሪያ እንዲያገኝ ይፈልጋል። በኮሎምበስ ዳውንታውን የተተከለው ቪንካ በመጪው ውርጭ ይነቀላል፤ በቀጣዩ ዓመት ግን ችግኙ ከመደብር ይገዛል። በደቡባዊ ማዳጋስካር የወደቀውን የሁመር ዛፍ የሚተካ ችግኝ ግን ከየትም መደብር አይገኝም፤ ለሌሙሮች የሚበቃ ጥላ ለመስጠት ብዙ አሥርት ዓመታት ያስፈልጉታል።